ሚስቱን «እርስዎ» የሚላት ሰውዬ

በየማክሰኞው ወደ አንጎልና ነርቭ ክሊኒኩ የሚመጣው ሰውዬ ካርድ አውጪዋን ጨርሶ አልጣማትም። ኮቱ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ጨዋነቱም ወሰን የሌለው ነው። ያጠራጠራት ይኸው ጨዋነቱ ነው። ካርዱ ላይ «አስታማሚ፦ ሚስት» ተብሎ ተጽፎ ሳለ፣ አብራው የምትመጣውን ሴት «እርስዎ» ይላታል።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ብዙ አስቸገርኩዎት።»

«አንተ ደግሞ፣ አርፈህ ተቀመጥ» ትለዋለች አንገትጌውን እያቃናች።

የስንት ዓመት ባልና ሚስት እንዲህ ይነጋገራል? በዚያ ላይ ሰውዬው ተራ ሲጠብቅ ወደ ጥግ ዞር ይልና ስልክ ይደውላል፤ ሌላዪቱን «አንቺ» እያለ ያቆላምጣታል። ይቺ ምስኪን ያን ጊዜ ብድግ ብላ ትወጣለች። ካርድ አውጪዋ ስለሷ አንጀቷ ያርራል።

ዛሬ ከመደወሉ በፊት ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት ጎንበስ አለ።

«እኚህ ሴትዮ ቁርጥ ሚስቴን ናቸው፤ ግን እሷ አይደሉም። ደግ ስለሆኑ ልነግራቸው አፈርኩ» ብሎ አንሾካሾከላት።

ሰውዬው ሊደውል ወደ ጥግ ዞር ሲል ሴትዮዋ እንደ ልማዷ ብድግ አለች፤ ካርድ አውጪዋም ይሄንንማ ማጣራት አለብኝ ብላ ተከትላት ወጣች። ሴትዮዋ ኮሪደሩ ላይ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቆማለች። ካርድ አውጪዋን ስታይ ስልኩን በመዳፏ ከደነችው።

«ፊቴን ለኔ ካለው ፍቅር ጋር የሚያገናኙት የአንጎሉ ሴሎች ናቸው የታመሙት አሉ ሐኪሙ። ፊቴን ካላየ ግን በድምፄ ያውቀኛል።»

ከዚያ መዳፏን አነሳች።

«መንገድ ላይ ነኝ የኔ ጌታ፣ ደረስኩልህ» አለች። «እስከዚያ እኚያን ሴትዮ እሺ በላቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም።»