ግንባሬን ራሴ ፈተግኩት

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ። ባለቤቴ ዘሀራ ወደ አኼራ ከሄደች ወዲህ ወጤንም የምሠራው እኔው ነኝ። ይህንንም በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ ከሆስፒታል አልጋ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። ፊደሉ ቢንጋደድ ትምህርቴ ነው እንጂ ጭንቅላቴ እንዳይመስላችሁ።

የዛሬ ወር ግድም ጣሪያ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮ ስመታ ወደቅኩ። ተነሥቼ፣ አቧራዬን አራግፌ፣ ሥራዬን ጨረስኩ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ግን ቀኝ እግሬ መጎተት ጀመረ... መዶሻ ለማለት አስቤ መጋዝ እላለሁ። ልጄ ጀማል በግድ ሆስፒታል አመጣኝ። ለካ ከራስ ቅሌ ሥር ደም ተጠራቅሞ አንጎሌን ይጫነዋል። ተከፍቶ መውጣት አለበት ተባለ።

ሞት አልፈራሁም። የፈራሁት ሌላ ነው። ጎረቤቴ በቀለ ዓምና ኦፕራሲዮን ተደርጎ ሲነቃ የገዛ ሚስቱን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አላት። ሳምንት ሙሉ። እኔም ከሰፈሩ ጋር አብሬ ስቄበታለሁ። የኔ ተራ ሲደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። አእምሮዬ ከተዛባ ቤቴን ዘግተው አያት ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያስቀምጡኛል። ጀማል ካሰበበት ቆይቷል።

ትናንት ጠዋት መዘጋጃ ክፍሉ ውስጥ ማደንዘዣ የምትሰጠዋ ልጅ መጣች። ፍርሃቴን ነገርኳት።

«ለዚህ ነው ይቺን የምለጥፍልዎት አባባ» ብላ ክብ ክብ ነገር ያለባት ፕላስተር አሳየችኝ። ግንባር ላይ ትለጠፋለች፣ ከማሽን ጋር ትያያዛለች፣ እንቅልፌ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ በቁጥር ትናገራለች።

«ንቁ ሰው መቶ አካባቢ ነው። እኔ እርስዎን ከአርባ እስከ ስልሳ ነው የምይዝዎት። ከዚያ ከወጣ ሊሰሙን ይችላሉ። ከወረደ ደግሞ ማደንዘዣው በዝቷል ማለት ነው፤ በእርስዎ ዕድሜ ሲነቁ ሊያምታታዎት ይችላል።»

ወደድኳት። በልክ የሚሠራ ሰው እወዳለሁ።

ለጠፈች። ማሽኑ ቁጥር አላወጣም። በአልኮል ጠረገች፣ ተጫነች... የለም።

«የመሀሏ አልያዘችም አባባ። እዚህ ጋ ቆዳዎ ደንድኗል።»

የሱጁድ ምልክቴ ነው። ዕድሜ ልኬን ግንባሬ መሬት የነካበት።

«በሻካራ ጎዝ ትንሽ ልፈትገው?»

«አይነካም።»

«ካልነበበልኝ የልብ ምትና ግፊትዎን እያየሁ በግምት ነው የምሠራው። ሌላ ፕላስተር ደግሞ የለኝም።»

ጀማል አጠገቤ ቆሟል። «አባዬ፣ ምን አለበት? ትፈትገው በቃ።»

«አንተማ ምን አለብህ፣ ግንባርህ እንደ ታይልስ ነው» አልኩት።

ልጅቷ ማስኳን ወደ ላይ ሳብ አደረገች። ሳቋን መደበቋ ነው።

እኔ ሃምሳ ዓመት አናጢ ነበርኩ። ኮላ አልይዝ ያለ ጣውላ ሲገጥመኝ ኮላውን አልሰድብም፤ ጣውላውን በብርጭቆ ወረቀት እፈትገዋለሁ። ልጅቷ ትክክል ናት። ግን ትክክል ስለሆነች ግንባሬን ለሰው እጅ አልሰጥም።

«ጎዙን አምጪው።»

«እኔ ልሥራልዎት...»

«እንጨት ስፈትግ ነው የኖርኩት። መስታወት ያዢልኝ።»

መስታወት የለም። የስልኳን ካሜራ ወደኔ ገልብጣ ያዘችልኝ። ቀስ እያልኩ ፈተግኩ። ላይ ላዩ ተነሣ፣ ትንሽ ቀላ። ምልክቱ እንዳለ ነው... እንዲህ በጎዝ የሚለቅ መስሏችሁ ነው?

ለጠፈች። ዘጠና ሰባት።

«ይኸው፣ ሙሉ ሰው ነኝ» አልኩት ጀማልን።

ስነቃ እሷው ናት አጠገቤ። ስሜን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። የት እንዳለሁ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ከዚያ ወደ ጀማል እያመለከተች «እሳቸውስ ማን ናቸው?» አለች።

አየሁት። ትንሽ አቆየሁት... የልጄ ፊት አመድ መሰለ።

«አያት ሊወስደኝ የሚመኝ ልጄ ነው። አልሄድም።»

እሷ ሳቀች። ጀማል ግን ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። እዚህች ላይ አላግጬበታለሁ፣ አልክድም። ስለ አያት ግን ከዚያ በኋላ አላነሣም።

አሁን ዕዳ አለብኝ። የትናንቶቹ የዙሁር፣ የአስርና የመግሪብ ሶላቶች ተኝቼ ሳለሁ አልፈውኛል። ጀማል «እኔ ዱዓ አደርግልሃለሁ፣ አትጨነቅ» ይላል። ዱዓውን ያድርግ፤ ሶላቴን ግን ማንም አይሰግድልኝም። ሐኪሞቹ ለጊዜው ማጎንበስ ስለከለከሉኝ፣ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ተቀምጬ በአንገቴ እየጠቀስኩ እከፍላለሁ። በቀለን ቤቱ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ለልጅቷ ደግሞ አንድ በርጩማ እሠራላታለሁ፤ ሥራው እስኪያልቅ ቁጥሬን ቆማ ነው አሉ የጠበቀችው። ጀማል «ገዝቼ ላምጣላት» ብሎ ነበር።

ሥራዬን ማንም እንዳይነካብኝ።