ለምንጯ ዳር የተላኩ ሽማግሌዎች

ቅናት ኀጢአት መሆኑን ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም፤ ጎጃም ተወልጄ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው ያደግሁት። ላስታ ለግብርና ሥራ ስመደብም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብዬ መጣሁ። ሆኖም ባልደረባዬን፣ እዚሁ አካባቢ ፍላቂት ከተማ ተወልዳ ያደገችውን ልጅ፣ ገበሬው ሁሉ “እታለም፣ ደኅና ውለሻል?” ሲላት በሰማሁ ቁጥር ውስጤ ቅጥል ይል ነበር። እኔን “ጎጃሜዋ” ነው የሚሉኝ። በአክብሮት፣ በሩቁ።

ነገሩ የባሰብኝ በምንጭ ምክንያት ነው። ከይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ዝቅ ብሎ ያለ አንድ መንደር የሚጠጣው ከአንዲት ምንጭ ነው። ከበላይዋ ያለው ተዳፋት ባላቸው የሞቱባቸው የአንዲት እናት የገብስ ማሳ ሲሆን እስከ ምንጯ አፍ ድረስ ይታረሳል። ክረምት ሲገባ አፈሩና ፍጉ ታጥቦ እየወረደ ውኃውን ድፍድፍ ያስመስለዋል፤ ሕፃናቱም በተቅማጥ ይወድቃሉ። የሚያስፈልገው ከማሳው ጫፍ ጠበብ ያለች ቁራጭ ሳትታረስ ቀርታ ሣር እንዲተከልባት ነበር። ሣሩ አፈሩን ይይዛል፤ ታጭዶም ለላም ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለሴትዮዋ ያስረዳሁ እኔ ነኝ። ያውም በስብሰባ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “እትዬ፣ ለመንደሩ ልጆች ሲሉ ይፍቀዱ” ብዬ። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

“አንቺ ልጅ፣ በአገርሽ መሬት እንደ ጨው በገበያ መሐል ነው የሚለመነው?”

ሰዉ ሣቀ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ ይመልሱልኝ ጀመር። ክረምቱ ደግሞ እየቀረበ ነበር፤ ሣሩ ካልተተከለ ልጆቹ እንደገና መታመማቸው ነው።

ባልደረባዬ ይህን ስትሰማ በሣቅ ፈነዳች።

“ወይ እቴ! እሳቸው እንዲህ ይጠየቃሉ? ሽማግሌ እንላክ እንጂ!”

“ለጋብቻ ነው እንዴ?”

“መሬት ከልጅ ያንሳል?”

እሷ ሽማግሌ ለመላክ ምን ይቸግራታል? አጎቷ የዚያው መንደር ደብር ቄስ ናቸው፤ አክስቷ ከመንደሩ ተጋብታለች። የእኔ ዘመድ ዓባይ ማዶ ነው። የቀናሁት በሥራዋ አልነበረም፤ ሥራውንስ እኔም አውቀዋለሁ። “ሂዱልኝ” የምትለው ሰው ስላላት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱና ሁለት ሽማግሌዎች ሄዱ። እኛ ከኋላ ቆምን።

“ምነው፣ ግቡና ተቀመጡ እንጂ” አሉ ሴትዮዋ።

“የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም” አሉ ቄሱ።

“ሴት ልጅ የለኝ፣ ምን ልትጠይቁኝ ነው?”

“የምንጯን ዳር ነው፣ ልጄ። እንድትሰጭን ልንለምንሽ መጣን።”

ሴትዮዋ ወደ ተዳፋቱ ተመለከቱ። ያላቸው ማሳ ያው እሱ ብቻ ነው።

“ጥሎሹስ?” አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሣቁ። “በሬ የለሽም፤ የቀረውን ማሳሽን መንደሩ በደቦ ያርስልሻል። ሣሩም ያንችው ነው፣ ለላምሽ።”

“የሣሩን ነገር እንኳ ሰምቼዋለሁ” አሉ፣ ወደ እኔ ዞር ሳይሉ። “በሉ ተቀመጡ፣ እግራችሁ ዛለ።”

ተቀመጡ ማለታቸው መስጠታቸው ነበር። ከዚያ ባልደረባዬን ሳብ አድርገው ግንባሯን ሳሙ፤ “የኛ ልጅ፣ ተባረኪ” አሏት። ሁሉም አሜን አለ። እኔም አልሁ፤ ከሁሉ ዘግይቼ።

ሣሩ በሰኔ ተተከለ። ከሣሩ በላይ ጎርፉን የሚቀለብሰውን ቦይ ልክ በገመድ የለካሁ እኔ፣ የመጀመሪያዋን ሣር እንድትተክል የተጠራች እሷ። በዓመቱ ክረምት ማሳው ላይ ያን ያህል ዝናብ ወርዶ ውኃው ኩልል ብሎ ወጣ። ሴቶቹ እንስራቸውን እየሞሉ “እጇ ይባረክ” ይላሉ። ልጆቹ አለመታመማቸውን ሳይ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ፤ ከልቤ ነው። “እጇ” የሚሉትን ስሰማ ግን ያው ቅጥል።

በነሐሴ ከላይኛው መንደር አንዲት እናት ልጇን አዝላ ወደ ቢሯችን መጣች።

“የኛም ምንጭ ደፍርሷል። ያችን የፍላቂቷን ልጅ ጥሪልኝ።”

“እኔስ ብመጣ?” ማለት አፌ ላይ ነበር። የታዘለው ልጅ ዓይኑ ጎድጉዷል። እኔ ሄጄ አንድ ክረምት ሙሉ ከምለምን እሷ ሽማግሌ ትልካለች።

ጠራኋት። ወዲያው ተነሣን። ዳገቱን ስንወጣ ግን ከፊት ከፊት የሄድሁ እኔ ነኝ።