በአፌ የተሸከምኩት እንቁላል

ዛሬ፣ በመስከረም ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን ቤቴ መስኮቱን ስከፍት፣ ከውጭ ደፉ ላይ ዋኔ፣ የዱር እርግቧ፣ የሠራችውን ጎጆ አየሁ። ጭራሮው ይሁን፤ ግን የፌስታል ብጭቅጫቂ፣ የተጣለ ማስክ፣ በዚያ ላይ ከጸጉር ቤት የተጠረገ የዊግ ጸጉር! እርጥብ ነው፤ ይከረፋል። ደግሞ የዋኔ ጎጆ ባየሁ ቁጥር አፌ ውስጥ አንድ የቆየ ጣዕም ይመጣብኛል።

ልጅ እያለሁ፣ አንኮበር፣ ክረምቱ ወጥቶ አደይ ገደላገደሉን ቢጫ ሲያደርገው፣ ታላቅ እህቴ እታለም ከአልጋ አልተነሳችም። ትኩሳቱ ቢለቃትም እህል አልቀምስ ብላ እናታችንን አስጨንቃ ነበር። ጓደኞቿ አደይ ሊለቅሙ ሲሄዱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከጓሯችን ጥድ ላይ ዋኔ እንቁላል መጣሏን ስነግራት ግን ቀና አለች።

«አምጥተህ አሳየኝና መልስላት። በእጅህ እንዳትነካው ብቻ! የሰው ሽታ ከሸተታት ጥላው ትሄዳለች።»

ይህን በሰፈራችን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። እኔ ብልሁ ደግሞ አሰብኩበት፤ እጅ እንጂ አፍ የከለከለኝ የለም። እንቁላሉን በከንፈሬ አንስቼ ጉንጬ ውስጥ ሸጎጥኩና መውረድ ጀመርኩ። መጨረሻዋ ቅርንጫፍ ላይ እግሬ አዳለጠኝ፤ ጥርሴም ገጠመ።

አስኳል ቢሆን በታደልኩ! እርጥብ ላባ ነበር፤ ለስላሳ አጥንትም አለው፤ የሚገማ ውሃ በአገጬ ወረደ። ምላሴን በሣር እየፈተግኩ፣ በአፈር እየጠረግኩ፣ እየተንገሸገሽኩ ገባሁና እታለም አልጋ ሥር የበላሁትን ሁሉ አወጣሁት። እሷ ሳል እስኪይዛት ሳቀች። እናታችን ደንግጣ ስትሮጥ፣ «ለኔ አጥሚት፣ ለሱ ሳሙና!» አለቻት እታለም።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። እሷ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት አንኮበር ካለው ቤቷ አትወጣም። ስልክ ደወልኩና ስለ መስኮቴ ጎጆ አማረርኩ፤ ያኔ ጎጆው ንጹሕ ነበር፣ የቆሸሸው የኔ አፍ ነው፤ ዛሬ ወፏም እንደኛ ቆሻሻ ላይ መኖር ለመደች አልኳት።

«እንቁላል አለው?» አለችኝ።

እናቲቱ ለጊዜው የለችም፤ ከዚያ ሁሉ ግማት መሃል ሁለት ነጫጭ እንቁላሎች ተቀምጠዋል። «ሁለት» አልኳት።

«እንግዲያ አምጣልኝ፣ አንተ ልጅ! አሁንማ የሚሰብረው ጥርስ የለህም።»

ሳቋ ሳል ሆኖ እስኪያበቃ ጠበቅኩ። ከዚያ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ አፌን ግጥም አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ አየኋቸውና መስኮቱን ቀስ አድርጌ ዘጋሁ። ነገ አንኮበር እሄዳለሁ፤ አደይ ይዤላት፣ በእጄ።