የሌኪሾን ዓይን

መጀመሪያ የሚታየው የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ነው፤ ረዝሞ፣ ተወልውሎ፣ እንደ ትንሽ ማንኪያ ጎድጉዶ። ሌኪሾን ድንጋይ የሚመረምረው እዚያ ላይ አስቀምጦ ነው። በታንዛኒያዋ ሜሬራኒ ገበያ፣ ታንዛናይት የሚባለው የከበረ ድንጋይ ደላላ ሞልቷል፤ እንደ እሱ አባባል ግን ዓይን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የሌላው ሰው ሁለት ዓይን ለጌጥ የተሰካ ነው።

እውነተኛው ድንጋይ ሲያዞሩት መልኩን ይለዋውጣል፤ በአንድ ጎኑ ሰማያዊ፣ በሌላው ሐምራዊ፣ በሦስተኛው ወይን ጠጅ። ብርጭቆ ከየትም ቢያዩት ያው ነው። ይህን የገበያው ፍየሎችም ሳያውቁት አይቀሩም፤ ሌኪሾን ሲናገረው ግን ገና አሁን ከሰማይ የወረደለት ይመስላል። ድንጋዩ ምት እንደማይችልም ያስተምራል፤ በተለይ የአማቹን ድንጋይ በቢላ እጀታ ነካ አድርጎ ለሁለት የከፈለው ዕለት በደንብ አስተምሯል።

አንድ ቀን ከአሩሻ ከተማ የመጣው ገዢ ሐሰናሊ ገበያው መሃል ካለው ግራር ሥር ተቀምጧል። ከእንግዲህ ድንጋይ የሚለይለት አንድ ሰው ሊመርጥ ነው፤ ሌኪሾን ደግሞ ራሱን ከመረጠ ቆይቷል።

ከማዕድን ጉድጓዱ የሚጣለውን አፈር እያበጠረች የምትኖረው ናላንጉ መዳፏን ዘረጋች።

«ወንድሜ ሌኪሾን፣ እስቲ እየው። ከአፈሩ ነው ያገኘሁት።»

ቀይ ኩታውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ድንጋዩን ጥፍሩ ላይ አኖረ። ወደ ሰማይ ሲያነሳው ሰማያዊ፣ ወደ ደረቱ ሲያዞረው ሐምራዊ፣ ጎንበስ ሲልበት ወይን ጠጅ!

«ታንዛናይት ነው! ዞር በሉ፣ እንዳትተነፍሱበት!»

ናላንጉ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ኩታህን አውልቅና ድገመው» አለ ሐሰናሊ።

«የምትገዛው ድንጋይ ነው ልብስ?»

ገዢው ነጭ ወረቀት ዘረጋ። ሌኪሾን ኩታውን አውልቆ ድንጋዩን ወረቀቱ ላይ አዞረው። ሰማያዊ። ገለበጠው። ያው ሰማያዊ።

«የኩታውን ቅላት ሲመረምር ኖሯል!» አለ አንዱ ደላላ። ግራሩ ሥር የተሰበሰብነው ሁሉ በሳቅ ፈነዳን።

ሐሰናሊ አዘነለት መሰል፣ «ደመናም ያሳስታል። ነገ እንየው?» አለ።

ማምለጫው ወለል ብሎ ተከፈተ። ናላንጉ ግን አሁንም ተስፋዋን ሳትቆርጥ አፍ አፉን ታየዋለች። ነገ ካለ፣ በዚህ ስባሪ ላይ በሐሳቧ ቤት ስትሠራ ልታድር ነው።

«ብርጭቆ ነው፣ እህቴ። የጠርሙስ ስባሪ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ይህ ሰው እንዲህ ያለ ቃል አፉ ውስጥ እንደነበረው ማን ያውቃል? ሳቁ ቀጥ አለ።

«ታዲያ ማንን ልመን?» አለ ሐሰናሊ።

«ሌላ ፈልግ» አለና በቆሙት ሞተር ብስክሌቶች መካከል ሾልኮ፣ አቧራማውን መንገድ ይዞ፣ ዞር ብሎ ሳያየን ሄደ።