ታንኳ ስናደርቅ አድመኛ ተባልን

በሠራተኛ ማኅበር ሥራ ጸጉሬ ሸብቷል። በፋብሪካ ተመረጥሁ፣ ቆይቶም ምክር ቤት ገባሁ፤ ወንበሩም እስራቱም በየተራው ደርሶኛል። በሄድሁበት ሁሉ ወጣቶቹ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ትግሉን የት ጀመሩት?» ይሉኛል። «በጣሊያን ጊዜ፣ ጣና ዳር» ስላቸው ያጨበጭባሉ። ምኑን እንዳጨበጨቡለት እኔም በቅጡ አላውቅም። ያን ጊዜ ሳስበው ዛሬም ግራ ይገባኛል።

እኛ የሐይቁ ዳር እስላሞች ነን። ዓሣ እናጠምዳለን፣ ታንኳ እንሠራለን። ጣሊያን ባሕር ዳር ላይ ሰፈር ሲሠራ፣ ከዘጌ እንጨት እንድናመላልስለት አዘዘን። ታንኳ የሚታሰርበትን የሐይቅ ዳር ሣር፣ ደንገሉን፣ ባንድ ሰሞን አጨድነው፣ ባንድ ሰሞን አሰርነው፤ ታንኳዎቹንም ሁሉ ባንድ ቀን ሐይቅ ላይ አወረድናቸው። ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ጠጥቶ ሲጠግብ ይከብዳል፤ ያኔ አውጥቶ፣ አቁሞ ፀሐይ ማስመታት ነው። እምቢ ያለ ሰው ከነጭነቱ ይሰጥማል። ይህን የማያውቅ ሕፃን እኛ ዘንድ የለም። ጣሊያኖቹ ግን የሚያውቁት የእንጨትና የብረት ጀልባ ኖሯል፤ እኛም አለማወቃቸውን አላወቅንም።

አባቴ የታንኳ ሠሪዎቹ ሁሉ ታላቅ ነበሩ። አንድ ጠዋት የታንኳቸውን ጎን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉና ምንም ሳይሉ ወደ ዳር ጎተቱት። በእኛ ደንብ ታላቅ ሳይጎትት ማንም አይጎትትም፤ እሳቸው ከጎተቱ በኋላ ደግሞ የሚቀር የለም። ረፋዱ ላይ ታንኳው ሁሉ ተደርድሮ ቆሟል፤ እኛም ሾላው ጥላ ሥር ጋደም ብለናል።

ጣሊያኑ ሹም አስተርጓሚውንና ወታደሮቹን አስከትሎ መጣ።

«ሥራ ለምን አቆማችሁ?» አለ አስተርጓሚው።

«አላቆምንም፤ እያደረቅን ነው» አልነው።

«ማን አዘዛችሁ?»

«ማንም።»

«ይህ ሁሉ ሰው፣ ባንድ ጠዋት፣ ያለ አዛዥ?»

ለሹሙ ሲነግረው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዘው። ጥቂት ተነጋገሩና አስተርጓሚው ጥያቄውን ለወጠው፤ «እሺ፣ መጀመሪያ ታንኳውን ያወጣው ማነው?»

እንግዲህ ታላቅ እያለ ታላቁን ሳይጠሩ ማለፍ በእኛ ዘንድ ስድብ ነው። ሁሉም ባንድ አፍ ተንጫጫ። «እሳቸው ናቸዋ፤ ከእሳቸው በፊት ማን ደፍሮ!» አለ አንዱ። «ያለ እሳቸው እኛ ምን አለን?» አለ ሌላው። አባቴም ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀና ብለው ተቀመጡ፤ ደስ ብሏቸው ነበር። እኔም ኮራሁ። ወታደሮቹ እጃቸውን የኋሊት ሲያስሯቸው ምን እንዳጠፋን እርስ በርስ እንጠያየቅ ጀመር። በክብር አሳልፈን እንደሰጠናቸው የገባን ከተወሰዱ በኋላ ነው።

አስተርጓሚው ተመልሶ መጣና፣ ታንኳው ወደ ሥራው ካልገባ አባቴ ወደ ጎንደር እንደሚላኩ ነገረን። ወደ ጎንደር የተላከ ሰው ሲመለስ አይተን አናውቅም። ግማሹ «በእርጥቡም ቢሆን እንግባ» አለ። እኔም እንግባ ካሉት ነበርሁ። እናቴ ግን ምግብ አድርሳላቸው ስትመለስ ቃላቸውን ይዛ መጣች፤ «ውሃ የጠጣ ታንኳ እንዳትነኩ፤ ሰው ታስበላላችሁ ብለዋል።» ስለዚህ ተቀመጥን። አጎቴ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «አሁንስ እያደረቅን ነው ወይስ እያደምን?» አለኝ። እኔ ፀሐይዋን ነበር የማየው፤ ደመና በመጣ ቁጥር አባቴን የወሰዳቸው ይመስለኝ ነበር።

ደንገሉ እንደ ደረቀ ታንኳውን ወደ ውሃ መለስነው፤ አባቴም ተፈቱ። ሹሙ አንበርክኬ መለስኋቸው ብሎ ፎከረ። ገበያው ደግሞ ጣሊያንን አንበረከኩት ብሎ አወራልን። እኛ የምናውቀው ታንኳው መድረቁን ብቻ ነው። አባቴ ፊታቸው አብጦ ነበር የመጡት፤ ምን እንዳደረጓቸው ለማንም አልተናገሩም። ለሁላችንም የተነገረን ቃል ግን ነበር፤ ከእንግዲህ ሳይፈቀድለት መጀመሪያ ታንኳ ያወጣ ሰው ጎንደር ይላካል ተባለ።

ደንገል ይህን አዋጅ አይሰማም። ሳምንታት አለፉና እንደገና ጠገበ። አስተርጓሚው ከወታደሮቹ ጋር ዳር ላይ ቆሞ ማን እንደሚጀምር ይጠብቃል። አባቴ ታንኳቸው አጠገብ ቁጢጥ አሉና ጎኑን ተጫኑት፤ ውሃው ጥፍራቸውን ሲያለብሰው አየሁ። እጃቸው ወደ ገመዱ ሄደ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ በቃ ሄዱ አልሁ። ሮጬ የራሴን ታንኳ ከእሳቸው በፊት ጎተትሁት። ወታደሮቹም ይዘውኝ ሄዱ። ለምን ወደ ጎንደር እንዳልላኩኝ ዛሬም አላውቅም፤ እዚያው ባሕር ዳር ዘግተውብኝ ቆዩና ለቀቁኝ።

ወደ ዳር ስመለስ ሰዉ ሁሉ ከተቀመጠበት ተነሣልኝ። «መሪያችን» አሉኝ፤ ከፊት አስቀመጡኝ። አባቴ ከኋላ ናቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ሐይቁን ያያሉ። ተነሥቼ ሄድሁና ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ሰበሰቡት።

«ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ታንኳ የሚጎትተው መቼ ነው?» አሉኝ።

መልሱን አላጣሁትም። ቀብሮት የተመለሰ ዕለት ነው።

«አባዬ፣ እንዳይወስዱዎት ብዬ እኮ ነው» አልሁ።

«እና ቀበርኸኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ እጃቸው ታንኳ አልነካም። ሰዎቹም ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ ሲወርዱ የሚያዩት እኔን ሆነ።