ኪሴ ውስጥ የተንኳኩት ሰባት ብልቃጦች

ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ማይክ የያዝኩት ለቀልድ አይደለም። ይኸው ትስቃላችሁ፤ ያስለመድኳችሁ እኔ ነኝና አልፈርድባችሁም። ግን ጌታ ያደረገልኝን፣ እኔም ያደረግሁበትን ልናገር ነው የቆምኩት።

የአንጀት ካንሰር ሲገኝብኝ ከፒያሳ እስከ አትክልት ተራ ያለ አማኝ በሙሉ ቤቴ ገባ። ተባረኩ፣ ባዶ እጁን የመጣ የለም። አንዱ ቫይታሚን ሲ፣ አንዷ ቫይታሚን ኢ፣ ሌላው ከውጭ ያስመጣው አንቲኦክሲደንት የሚሉት እንክብል፤ አንዱ ፍሬ የፈረስ ጉሮሮ ይዘጋል። የጸለያችሁበትን እንዴት ልመልስ? አለመዋጥ አለማመን መሰለኝ።

የምታክመኝ ዶክተር ገና ከጅምሩ፣ «ሳያማክሩኝ ምንም እንዳይወስዱ» ብላኛለች። በየቀጠሮው ስትጠይቀኝ፣ «ከጌታ ቃል በቀር የምወስደው የለም» እላታለሁ። ባለቤቴ አስቴር ከጎኔ ሆና «አሜን» ትላለች፤ እንክብሉን ትቼዋለሁ ብያት ነበርና።

አራተኛው የኬሞ ዙር ላይ ያንኑ ተናግሬ ኮቴን ሳወልቅ፣ ኪሴ እንደ ጸናጽል ተንኳኳ። ዶክተሯ «ምንድን ነው?» አለች። አወጣሁ፣ አወጣሁ፣ ጠረጴዛዋ ሞላ። ሰባት ብልቃጥ! አስቴር «አሜን» ልትል የከፈተችው አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ የምንሰጥዎት መድኃኒት የካንሰሩን ሴል እንዲጎዳ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለካንሰሩም ከለላ እንዳይሆኑት እንሰጋለን» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም አማኝ ነኝ። ጌታን ለምን የውሸት ምስክር አደረጉብኝ?» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ካንሰር ነው ስባል እንኳ «ሳያስፈቅድ ነው እንዴ የገባው?» ብዬ የቀለድኩ ሰው ነኝ።  ያን ቀን ግን እስከ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ አንድም ቀልድ ስላላወራሁ፣ አስቴር ትኩሳት መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች። ቤት ገብቼ ተንበረከክሁ። «ይቅር በለኝ» አልኩት። ይቅር አለኝ፤ ስሙ ይባረክ!

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ዕጢው አንሷል! ክብር ለእርሱ ይሁን። እንክብሉ ጎድቶኝ ነበር ወይ ብዬ ዶክተሯን ጠየቅኋት። «አላውቅም» አለችኝ። እሷ የማታውቀውን አላውቅም አለች፤ እኔ የማውቀውን የለም ስል ከርሜ።

ሁለት ዙር ይቀረኛል። ድኛለሁ ወይም አልዳንኩም አልላችሁም፤ በጌታ እጅ ነኝ፣ ደስም ብሎኛል። የታመማችሁ ካላችሁ በእርሱ ታመኑ፤ የምትውጡትንም ለሐኪማችሁ ሳትደብቁ ንገሩ። እውነት ስለተናገራችሁ እምነታችሁ አይጎድልም።

ሰባቱ ብልቃጦች በዚህ ፌስታል ውስጥ ናቸው። የሰጣችሁኝ ስትወጡ ውሰዱልኝ። ጸሎታችሁን ግን አልመልስም።