የእማዬ የልብ ርዕስ

ከግድግዳ ወዲያ ሰው ሲያጉረመርም ስሰማ እስከ ዛሬ ስለ እኔ የሚወራ ይመስለኛል። አምና የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄጄ ኮሪደሩ ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከውስጥ የሴት ድምፅ ተሰማኝ፤ ቃሉ አይለይም፣ ዝቅ ብሎ ይጀምርና ከፍ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ይወርዳል። እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ከመጋረጃ ጀርባ የምትቆም የጉለሌ ልጅ ሆንኩ፣ ቦርሳዬንም አንስቼ ልወጣ ነበር። እኔ የሌላዋን ከሰማሁ ሌላዋም የእኔን ትሰማለች ማለት ነው።

የሄድኩት ወድጄ አይደለም። ታክሲ ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ፣ አንዳንዴም በሰላም ምሳዬን እየበላሁ ልቤ ካልወጣሁ ብሎ ይመታ ነበር፤ ሐኪሞቹ ግን «ልብሽ ጤነኛ ነው» እያሉ ይመልሱኝ ነበር። አማካሪዋን ስመርጥ ያየሁት ችሎታዋን ሳይሆን ርቀቷን ነው፤ ከጉለሌ ሰው የማይደርስበት የከተማው ጫፍ ላይ ነበረች። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ገና ሳልቀመጥ «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አባል ነሽ?» አልኳት። ፈገግ ብላ «ለምን ጠየቅሽኝ?» አለችኝ። ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ ሰው አላምንም፣ ይህንኑም ነገርኳት። ለምን እንደጠየቅኳት ለማስረዳት ግን ልጅነቴን ማንሳት ነበረብኝ።

ቤታችን ከዊንጌት ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። አባዬ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበረ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ይኖር ነበር፤ እማዬ ደግሞ ሳሎናችን ውስጥ በስፌት መኪናዋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ሲሆን ግን መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና፣ ቁርጥራጩን ጠርጋ፣ የላስቲክ ወንበሮቹን ትደረድርና የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ለጸሎት ይሰበሰቡ ነበር። መዝሙሩ ሲያበቃ እያንዳንዷ እንዲጸለይላት የምትፈልገውን ነገር ትናገራለች፤ የጸሎት ርዕስ ይባላል። አንዷ የባሏን ሥራ፣ አንዷ ጉልበቷን፣ አንዷ ለትምህርት አልከፈት ያለውን የልጇን አእምሮ ታነሳ ነበር። የእማዬ ርዕስ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛ ክፍል በገባሁበት መስከረም ፍራሼ ላይ መሽናት ጀምሬ ነበር። ከእማዬና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ስላልነበረ ያን ያህል አላሳሰበኝም። ሐሙስ ሲደርስ ግን ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ ቆሜ፣ እማዬ «ልጄን አስቡልኝ፤ ይቺን የምታህል ልጅ ፍራሽ ታርሳለች» ስትል ሰማኋት። ሴቶቹ ሁሉ ባንድ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ የጸሎቱ መሪ እትዬ አስቴር ደግሞ ጉሮሮዋ የተባረከ ስለነበረ እኔንና ፍራሼን ሰፈሩ በሙሉ እስኪሰማ ድረስ ለጌታ አሳሰበች። ሲወጡ አንድ በአንድ አቅፈው ሳሙኝ። እሱስ ይሁን፤ በማግሥቱ ስኳር ልገዛ ጋሼ ሽኩር ሱቅ ስሄድ፣ እስላም ሆኖ የሐሙስ ጸሎታችንን ደጃፍ ረግጦ የማያውቀው ሰውዬ፣ በመስኮቱ ዝቅ ብሎ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ የኔዋም እንዳንቺ ነበረች» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር፣ ደግ ሰው ነው። እኔ ግን ስኳሩን ሳልቀበል ሮጥኩ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ፈገግ ባለልኝ ቁጥር ምን ሰምቶ ይሆን እያልኩ ማሰብ ጀመርኩ።

በበጋ፣ ነፋሱ ከእንጦጦ ወርዶ አቧራውን በየበሩ ሥር ሲያስገባ፣ እማዬ በር ዘግታ ስትሰፋ ትውል ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች፣ ቀና ሳትል «ከማን ጋር መጣሽ? ምን አወራችሁ? ምን አስቆ ነው ያ ሁሉ ሳቅ?» ትለኝ ነበር። እየመለስኩ ሳለ ቦርሳዬን ትፈትሻለች፣ ኪሴን ትገለብጣለች፣ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራኝ የስፌት መኪናው ድምፅ ሲቋረጥ ነበር። መልሴ ካላሳመናት እግሯን ከፔዳሉ ታነሳና መኪናው ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ዝምታ ነው። እጇን አንስታብኝ አታውቅም፣ አትሰድበኝም። ዝም ብላ ታየኛለች፣ እኔም ምንም ሳላደርግ ያደረግኩትን ነገር መፈለግ እጀምራለሁ። ልቤ እንዲህ መምታት የለመደው ያኔ ነው።

በልግ ገብቶ ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት በጀመረበት ወቅት እኔም በተራዬ ልፈትናት ወሰንኩ። አንድ ጠዋት ዓይኔን እያሸሁ ሄጄ «እማዬ፣ እባብ በመስኮት ሲገባ አለምኩ» አልኳት፤ ምንም አላለምኩም። «ለማንም አትንገሪብኝ፣ ይስቁብኛል» አልኳት። «ለማን እነግራለሁ?» አለችኝ፣ ጭራሽ ተቀይማ። ሐሙስ ዕለት እባቡ መጣ፤ እንደውም በእማዬ አፍ ሲያልፍ ወፍሮ፣ ጥቁር ሆኖ፣ አልጋዬ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። እትዬ አስቴር ተነሥታ እየጮኸች ገሠጸችው፣ ሴቶቹም በጭብጨባ አባረሩት። መጋረጃው ጀርባ አፌን በመዳፌ ይዤ ሳቅኩ፣ ሳቄ ሳያልቅ ግን አለቀስኩ። የጠረጠርኩት ልክ ሲሆን ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ እየተጠባበቅን ዓመታት አለፉ፣ ስድስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምትም መጣ። ክረምት የእማዬ የሥራ ወቅት ነው፤ ቤቱ በሰማያዊ ጨርቅ ይሞላ ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የስፌት መኪናው ድምፅ እንኳ አይሰማም። አንድ ቀን የእኔን አዲስ ዩኒፎርም ልትለካኝ ፊቷ አቁማኝ፣ አንገቴ ዙሪያ ስፒል እየሰካች ሳለ እጇ ደረቴ ላይ ቆመ።

«ልብሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚመታው? አሞሻል?» አለችኝ።

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

ውሸት አጥቼ አይደለም፣ የተዘጋጀ ውሸት ሁልጊዜ ነበረኝ። ያን ቀን ግን ስፒሉ እንዳይወጋኝ እየፈራሁ ቀጥ ብዬ ስለቆምኩ ነው መሰለኝ፣ «አንቺን ስለምፈራ ነው» አልኳት።

እማዬ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቅላ እንደ ልማዷ በከንፈሯ ያዘች፣ ከዚያ «አውልቂው» አለችኝ። ፊቷን አዙራ ጨርቁን ለረጅም ጊዜ ስታጥፍ፣ ስትፈታ፣ እንደገና ስታጥፍ አየኋት።

ሐሙስ እስኪደርስ እህል አልበላልኝ አለ። ይህን ነገር ጉለሌ በሙሉ ከሰማው፣ እናቷን የምትፈራ ልጅ ተብዬ እንዴት በዚያ ዳገት እወጣለሁ? መጋረጃው ጀርባ ቆምኩ፣ የእማዬ ተራ ደረሰ። «እኔ ዛሬ የልብ ርዕስ ነው ያለኝ፤ ጌታ ያውቀዋል፣ አብራችሁኝ ጸልዩ» አለች። አፍ አውጥተው የማይናገሩት ሲኖር እንዲህ ይባላል፤ እማዬ ስትለው ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሴቶቹ ጸለዩ። ሲወጡ እትዬ አስቴር አገጬን ይዛ ፊቴን ትክ ብላ አየችኝና «ደህና ነሽ አይደል?» አለችኝ። በቃ፣ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ፤ እማዬ ቀድማ፣ እኔ በሌለሁበት፣ ነግራቸዋለች፣ የልብ ርዕስ የተባለውም እኔን ለማታለል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእማዬ ምንም ነገር ነግሬያት አላውቅም። የሥራ መቀጠሬን ከሌላ ሰው ሰማች፤ ስለ ልቤማ ጭራሽ አታውቅም።

ይህን ሁሉ ለአማካሪዋ ባንድ ቀን አልነገርኳትም፤ ለብዙ ጊዜ ጠብታ በጠብታ ነው የነገርኳት። እዚህ ላይ ስደርስ «ለሴቶቹ እንደነገረቻቸው በምን አወቅሽ?» አለችኝ።

«እናቴን አውቃታለሁ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ» አለችኝ። ያን ቀን ተናድጄ ወጣሁ።

ዘንድሮ ክረምት እማዬን ልጠይቅ ስሄድ ሳላስበው ሐሙስ ሆኖ ተገኘ። ከእነዚያ ሴቶች የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ወንበሮቹ ግን ያው ናቸው። ጸሎቱ ሲያበቃ ዝናብ ስለነበረ እትዬ አስቴርን በዣንጥላ እስከ አስፋልቱ እንድሸኛት ታዘዝኩ። ያ ጉሮሮዋ ዛሬ ደክሟል፣ ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች ትወርዳለች። ግማሽ መንገድ ስንደርስ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። እናትሽ ያ የልቧ ርዕስ ምንድን ነው? ይኸው አንቺ ልጅ ሳለሽ ጀምሮ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ታስይዘናለች። ዛሬም አስያዘችን። እኛም ሳናውቀው ይህን ሁሉ ዓመት ጸለይን።»

«አልነገረቻችሁም?» አልኳት።

«እሷ? አፏን ብትከፍቺው አይወጣም። ለወሬ መስሎሽ እንዳይሆን ልጄ፤ ጌታ መልሶት ከሆነ ለማመስገን ነው።»

«እኔም አላውቀውም እትዬ» አልኳት፣ ታክሲ ውስጥም አስገባኋት።

ስመለስ እማዬ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። እግሯን ከፔዳሉ አነሳችና «ምን አለችሽ?» አለችኝ። ልቤ እንደ ድሮው መታ። «ስለ ጉልበቷ ነው» አልኳት። ለጥቂት ጊዜ አየችኝ፣ ከዚያ «ለአስቴር ምንም እንዳትነግሪያት፣ አፏ አያርፍም» ብላ መስፋቷን ቀጠለች። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ መጣና ወደ ጓዳ ገባሁ።

እስከ ዛሬ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ያን ቃሌን የደበቀችው ለእኔ አዝና ነው ወይስ ልጇ እንደምትፈራት ሰው እንዳይሰማባት አፍራ? አማካሪዋ ሁለቱም ሊሆን ይችላል ትላለች፤ እሷንም ቢሆን ገና ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም። ያኔ ሐሙስ ሲደርስ እማዬ ስለ እኔ ትናገር ይሆን ብዬ እፈራ ነበር። አሁን ሐሙስ ሲደርስ፣ የትም ልሁን የት፣ ሰዓቱን አይና ሌላ ፍርሃት ይይዘኛል፤ እማዬ ታክቷት፣ ዛሬ ያን ርዕስ ትታው እንደሆነስ?